ከፍራሽ ስፖንጅ ስለተሠራው የእርቅ ድንጋይ

ኅዳር 2006 ዓ.ም.
አቃቂ ቃሊቲ

ለክቡር የባህላዊ እርቅ ማዘመኛ ፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላ ቤተሰብዎን ጤንነት በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። ክረምቱ እንዴት አለፈልዎ? የባቡሩ ቁፋሮ የቃሊቲን መንገድ ከበላው ወዲህ ቢሮዎ የሚደርሱት በስንት መከራ እንደሆነ እያሰብን እናዝናለን፤ መስኮቱ የማይከፈት ነጭ መኪና ውስጥ ተቀምጠው አቧራው ሳይነካዎ ሲያልፉ ስናይ ደግሞ እንጽናናለን። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ከፕሮጀክትዎ በቀር ክፉ ነገር አልደረሰብንም።

ስሜ ኡምሀኒ ነው። ትውልዴ ወሎ፣ ኑሮዬ ቃሊቲ፣ ሥራዬ አማርኛ ማስተማር ነው። በጽሕፈት ቤትዎ አጠራር ግን «የተጠቃሚ ሀ ባለቤት» እባላለሁ። ተጠቃሚ ሀ ባሌ ደርዊሽ ነው። ተጠቃሚ ለ ደግሞ ልጃቸው በባሌ መኪና ተገጭቶ የሞተባቸው ኦቦ ዱጉማ ናቸው። ልጁ የሞተበት አባት በምን ሒሳብ ተጠቃሚ እንደሚባል፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሰዋስው ሳስተምር የኖርኩ ሴት ብሆንም፣ እስካሁን አልተገለጠልኝም፤ የእርስዎ አማርኛ ከእኔ አማርኛ እጅግ የረቀቀ ስለሆነ ይሆናል።

ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ የሚያነብ ሌላ ሰው ግራ እንዳይጋባ፣ እርስዎ በሚገባ የሚያውቁትን ታሪክ በአጭሩ እንድደግመው ይፍቀዱልኝ። ባሌ ገልባጭ መኪና ይነዳ ነበር። ወደ ኮንዶሚኒየም ግንባታ አሸዋ ሲያመላልስ፣ ምልልሱ በበዛ ቁጥር ክፍያው ስለሚጨምርለት፣ መሮጥ በማይገባው መንገድ ላይ ሲሮጥ የኦቦ ዱጉማን ልጅ ፈቀደን ገጭቶ ገደለው። ያ መንገድ ቀድሞ የኦቦ ዱጉማ የጤፍ ማሳ ነበር፤ ልጁ የሞተው አባቱ ሲያርሱት እያየ ባደገበት መሬት ላይ ነው። ጥፋቱ የባሌ ነው። ፍርድ ቤትም እንደዚያው ብሎ ፈረደበት፣ እሱም አልካደም፣ እስራቱንም ጨርሶ ወጣ። ከወጣ ወዲህ ግን ቤቱ አልገባም። የሟች ወገንና የገዳይ ወገን እርቅ ሳያወርዱ በአንድ መንገድ አይተላለፉም፣ ከአንድ ውሃ አይጠጡም። ኦሮሞው ጉማ ይለዋል፣ እኛ ወሎዬዎች ደም ማድረቅ እንለዋለን፤ ስሙ ቢለያይም ፍርሃቱ አንድ ነው። ስለዚህ ደርዊሽ ኮምቦልቻ ወንድሙ ቤት ተጠግቶ ይኖራል፣ እኔም እዚህ ባል እያለኝ ባል እንደሌላት ሴት እኖራለሁ። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባሌ አንገቱን ደፍቶም ቢሆን በኦቦ ዱጉማ ደጅ የሚያልፍበት ቀን መጥቶ ወደ ቤቱ እንዲመለስልኝ።

ያ ቀን እንዲቀርብልኝ ሁለት ሰዎች ደክመውልኝ ነበር። አንዱ ጋሽ ካሳሁን ናቸው፤ የጉራጌ ተወላጅ፣ ቃሊቲ መናኸሪያ አካባቢ የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ ያላቸው ክርስቲያን። ሌላው ሀጂ ሀይረዲን ናቸው፤ የስልጤ ሰው፣ ጨርቅ ነጋዴ። ከኦቦ ዱጉማ ጎሳ ሽማግሌዎች ጋር ተመካክረው ደጃቸው ሄደው መሬት ላይ ተቀመጡ። መጀመሪያ ሲሄዱ ውሻ ተለቀቀባቸው። ቀጥሎ ሲሄዱ ውሻውም አልተለቀቀ፣ በሩም አልተከፈተ። ሌላ ቀን ተቀምጠው ሳለ ዝናብ መጣ፤ ያኔ የሟች እናት ወይዘሮ አስካለች በሩን ሳይከፍቱ በአጥሩ ላይ አንድ ባዶ ጆንያ ወረወሩላቸው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ጆንያውን ራሳቸው ላይ ደርበው እስኪያባራ ተቀመጡ። ጋሽ ካሳሁን በዚያው ማታ ቤቴ መጥተው ጫማቸው እየተንጠባጠበ «ተጀመረ፣ ልጄ» አሉኝ።

በእርግጥም ተጀምሮ ነበር። እያደር በሩ ተከፈተ፣ ነገሩ ተነገረ፣ ተለቀሰ። በመጨረሻም ባሌ ከአቃቂ ወንዝ ዳር ድንጋይ አንሥቶ፣ በአንገቱ ተሸክሞ፣ በኦቦ ዱጉማ ደጅ ካለው ግራር ሥር እንዲንበረከክ፣ ኦቦ ዱጉማም በገዛ እጃቸው እንዲያወርዱለት ተስማሙ። ወይዘሮ አስካለች ደግሞ ድንጋዩ ሲወርድለት የሚጠጣውን ውሃ ከቤታቸው ቀድተው ሊሰጡት ቃል ገቡ። ልጇን የገደለባትን ሰው ውሃ አጠጣለሁ ያለች እናት ምን ያህል መንገድ ተጉዛ እዚያ እንደደረሰች እርስዎ ቢያውቁ ኖሮ፣ የቀረውን መንገድ በእግርዎ አይረግጡትም ነበር።

በዚህ መሀል ነው የደረሱልን። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል ሰው በአገራችን ብርቅ አይደለም፤ ከነባነሩ፣ ከነፕሮጀክተሩና ከነአማካሪው የመጣ ግን እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት። ውለታዎ ብዙ ስለሆነ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ጽሕፈት ቤትዎ ቁጥር ያልተሰጠውን ነገር እንደማያነብ ሰምቻለሁ።

አንደኛ፦ ሽማግሌዎቻችንን ስላሠለጠኑልን አመሰግናለሁ። ጋሽ ካሳሁን እርስዎ ከመወለድዎ በፊት ጀምሮ ባልና ሚስት፣ ወንድምና ወንድም፣ ገዳይና ሟች ሲያስታርቁ የኖሩ ሰው ናቸው። ይሁን እንጂ «የሽምግልና መግቢያ» የሚለውን የአቅም ግንባታ ሥልጠና ባለመውሰዳቸው ምን ያህል ጎድሎባቸው እንደነበር ማንም አላስተዋለም። እርስዎ አስተዋሉ። አስቀምጠው አስተማሯቸው፣ የተሳትፎ ምስክር ወረቀት ሰጧቸው፣ «ሞዴል ሽማግሌ» የሚል ማዕረግ ደረቡላቸው፣ በጀርባው የለጋሹ ድርጅት ዓርማ ያለበት ሰማያዊ ሰደርያ አለበሷቸው። ሰደርያውን ለብሰው ኦቦ ዱጉማ ደጅ ሲደርሱ፣ የለመዳቸውና ጅራቱን የሚቆላላቸው ውሻ እንደ አዲስ ጮኸባቸው። ውሻ ነውና ስለ አቅም ግንባታ አያውቅም።

የኦቦ ዱጉማ ዘመዶች ግን ከውሻው የበለጠ ያውቁ ነበር። ሰደርያ ካለ አበል እንዳለ ያውቃሉ። እዚህ ደጅ ለተቀመጣችሁበት ማን ነው የሚከፍላችሁ ብለው ጠየቁ። ሽማግሌ በዝናብ ጆንያ ደርቦ የሚቀመጠው ምንም ስለማያገኝ እንደሆነ፣ የተበደለውም ሰው የሚያፍረውና ልቡ የሚራራው በዚሁ እንደሆነ ለእርስዎ ማስረዳት አይገባኝም፤ ሥልጠናውን የሰጡት እርስዎ ነዎት። በፈቀደ ደም እንጀራ ትበላላችሁ ተባሉ። ጋሽ ካሳሁን አበሉን ሊመልሱ ቢሮዎ ድረስ ቢሄዱ፣ ለመክፈል እንጂ ለመቀበል የተዘጋጀ ደረሰኝ የለም ተብለው ተመለሱ። ሀጂ ሀይረዲን ሰደርያውን ለሱቃቸው ዘበኛ ሰጡት፤ ለዘበኛው በልኩ ሆኖለታል።

ሁለተኛ፦ በር መዘጋትን ስለመዘገቡልን አመሰግናለሁ። ሽማግሌ ሄዶ ሳይሳካለት ሲመለስ በእርስዎ ቤት «ያልተሳካ ጉብኝት» ይባላል፤ ያልተሳካ ጉብኝት የበዛበት ሽማግሌም በግምገማ ይነሣበታል። እኛ ደግሞ ሐዘንተኛ በሩን ባንኳኳህለት ቀን ቢከፍትልህ ልጁን አቃለለ ብለን የምናዝን ኋላ ቀሮች ነን። መዘጋቱ ለሟቹ የሚሰጥ ክብር ነው። ተዘግቶ ተዘግቶ ሲከፈት ነው የተከፈተ የሚባለው። እርስዎ ግን የሩብ ዓመት ዕቅድ ነበረብዎት፣ የበጀት ዓመቱም ሊያልቅ ነበር፤ ሐዘኑ ከበጀቱ ጋር አብሮ እንዲዘጋ መፈለግዎ ከሥራ ወዳድነት የመጣ ነው። የግራሩን ሥር ሰርዘው ስብሰባ አዳራሽ ያስያዙልንም ዝናብ እንዳይመታን አስበው መሆን አለበት።

ሦስተኛ፦ ስለ ሻይ ዕረፍቱ አመሰግናለሁ። ብስኩቱ ጥሩ ነበር።

አራተኛና ዋናው፦ ስለ ድንጋዩ ነው።

ከባሕር ማዶ የመጡትን አማካሪ ልወቅስ አልፈልግም። ሰውየው በማያውቁት አገር እንግዳ ናቸው፤ እንግዳ መጠየቁ አያስነውረውም። እኔም እንደ ተጠቃሚ ቤተሰብ በተጋበዝኩበት ሥልጠና ላይ፣ ድንጋይ በሰው አንገት መጫን ሰብዓዊ ክብርን አይነካም ወይ ብለው ጠየቁ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ቀጥለውም ከዚያ የሚበልጥ ጥያቄ ጠየቁ፤ የድንጋዩ ክብደት ጥቅም አለው ወይ አሉ። ይህን ጥያቄ ከእኛ ወገን ማንም ጠይቆት አያውቅም፤ እኔ ራሴ ጠይቄው አላውቅም።

ጋሽ ካሳሁን ተነሡና ረጅም መልስ ሰጡ። ክብደቱ ለተሸካሚው አይደለም አሉ፤ ተሸካሚውማ ከድንጋዩ የባሰ ተሸክሞ ነው የመጣው። ክብደቱ ለሚያወርደው ነው። የተበደለው ሰው ድንጋዩን በገዛ እጁ ሲያነሣው ክንዱ ይከብደዋል፤ ያኔ ይህ ሰው የእኔን ነገር ይህን ያህል ተሸክሞት ኖሯል ብሎ ያምናል። ሽማግሌ ዓመት ሙሉ ቢናገር የማያሳምነውን ሰው ክንዱ ያሳምነዋል አሉ። አማካሪው ወደ እርስዎ ዞረው ትርጉሙን ጠበቁ። እርስዎም ያን ሁሉ ንግግር በእንግሊዝኛ ሲያስተላልፉ፣ ምሳሌያዊ ነው አሏቸው። ከዚያ በላይ አንዲት ቃል አልጨመሩም።

አማርኛ ባስተምርም እንግሊዝኛው ጨርሶ አይጠፋኝም፤ ሰማሁዎት። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ የምንል ሕዝብ ነንና ምሳሌን አንንቅም። ነገር ግን ምሳሌ ከሆነማ ለምን ይከብዳል ብለው አማካሪው ቢደመድሙ ጥፋቱ የማን ነው? እሳቸው እርስዎ በነገሯቸው ልክ አሰቡ። ሁለት አገር በአንድ ሰው አፍ በኩል እንዲገናኝ ሲፈረድበት፣ ያ ሰው ሁለቱንም እኩል የሚንቅ ከሆነ የሚተርፈው ይህ ነው። እርስዎ ጋሽ ካሳሁንን የናቁት አላዋቂ መስለውዎት ነው፤ አማካሪውን የናቁት ደግሞ አይገባቸውም ብለው ነው። ጋሽ ካሳሁንና አማካሪው ያለ እርስዎ ቢገናኙ ኖሮ በምልክትም ቢሆን ይግባቡ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ድንጋዩን ጨርሰው እንዳያስቀሩት ደግሞ ፎቶው በፕሮጀክቱ መጽሔት ሽፋን ላይ «ሀገር በቀል ዕውቀት» ተብሎ ወጥቷል። እንደነበረ እንዳይተዉት የአንገት ጤንነት ጉዳይ ተነሥቷል። ስለዚህ ከሁለቱም ወገን ላለመጣላት ከፍራሽ ሠሪ ቤት ስፖንጅ አስቆረጡ፣ ግራጫ ቀለም አስቀቡ፣ እዚህም እዚያም ጠቆር አድርገው የወንዝ ድንጋይ አስመሰሉት። እውነቱን ለመናገር ያማረ ሥራ ነበር። በእርቁ ቀን አዳራሽ ስንገባ እኛም ከሩቅ አይተን ድንጋይ መስሎናል።

ለሽማግሌዎቹ የሰጡትን ቃል አክብረው የመጡት ኦቦ ዱጉማም ድንጋይ መስሏቸዋል። የነገራቸው ሰው የለም። ጋሽ ካሳሁን መድረኩ ላይ ሲነኩት ነው ያወቁት፤ ወደ እርስዎ መጥተው በጆሮዎ ሲናገሩ አይቻለሁ፣ እርስዎም ሰዓትዎን አሳይተዋቸው ወደ ወንበራቸው መልሰዋቸዋል። ባሌ ያደረበትን ልብስ እንኳ ሳይለውጥ ከኮምቦልቻ መጥቶ ነበር። ስፖንጁን አንገቱ ላይ ሲያደርጉለት ቀና ብሎ አየዎት፤ ምን እንደሚያደርግ ግራ ገብቶት ተንበረከከ። የሰው ልጅ ገድሎ ይቅርታ ሊጠይቅ የመጣ ሰው በፕሮግራሙ ላይ አስተያየት የመስጠት ወኔ ከየት ያመጣል?

ኦቦ ዱጉማ ተነሡ። እያንዳንዱን እርምጃቸውን አየሁ። ያረሱ፣ የተሸከሙ፣ ልጃቸውን በገዛ እጃቸው የቀበሩ ሰው ናቸው፤ ድንጋይ እንዴት እንደሚነሣ ያውቃሉ። እግራቸውን ከፈት አደረጉ፣ ከወገባቸው ጎንበስ አሉ፣ ሁለት ክንዳቸውን ከሥሩ አስገቡ፣ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡና ባለ በሌለ ኃይላቸው አነሡት። ስፖንጁ ወደ ላይ ተወረወረ። እሳቸው ወደ ኋላ ተንገዳግደው ሊወድቁ ሲሉ የጎሳቸው ሽማግሌ ያዟቸው።

ሰው ሳቀ። ክቡር ሆይ፣ በፈቀደ ሞት ላይ ሰው ሳቀ። መጀመሪያ ከፊት ወንበር ነው የተሰማው፣ ከኋላም ተቀበሉት። ክፉ ሰዎች ስለሆኑ አይደለም፤ እንዲያ ያለ ነገር ሲያይ የማይስቅ ሰው የለም። ከዚያ እርስዎ ማጨብጨብ ጀመሩ፣ ሳቁም በጭብጨባው ተሸፈነ፣ ካሜራውም አነሣ። ኦቦ ዱጉማ ስፖንጁን ከወለል አንሥተው በጣታቸው ጫን አደረጉት። ጎደጎደ፣ መልሶም ሞላ። በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገሩ፤ የጎሳ ሽማግሌው በኋላ እንደነገሩኝ፣ የኔ ልጅ ይህን ያህል ነበር ወይ ነው ያሉት። ከዚያ ስፖንጁን ከጠረጴዛዎ ላይ ቀስ አድርገው አስቀምጠው ወጡ።

ወይዘሮ አስካለች ቀድመው ውጭ ነበሩ። በጆግ የያዙትን ውሃ ይዘው ለመግባት ቢሞክሩ፣ ለሁሉም ተሳታፊ የታሸገ ውሃ ስለቀረበ ከውጭ ማስገባት አይቻልም ብሎ በረኛዎ ከልክሏቸው ነበርና በሩ ላይ ቆመው ነው ያዩት። ባለቤታቸው ሲወጡ ውሃውን ከሲሚንቶው ላይ ደፍተው ተከተሏቸው። ያ ውሃ ለባሌ የተቀዳ ነበር። ደርዊሽ ግን ማን ተነሥ እንደሚለው ጠፍቶት እንደተንበረከከ ቀረ። እኔ ሄጄ አነሣሁት። ሲነሣ «ኡምሀኒ፣ አሁንማ ዳግም ገደልኩት» አለኝ። በጓሮ በር አስወጥቼ በማግሥቱ ወደ ኮምቦልቻ ሸኘሁት።

እኛ ከጥንትም የምንፈራው የአንገት በላይ እርቅን ነው። እርስዎ አንገት ላይ ስፖንጅ አስቀምጠው የአንገት በላይ እርቅን በእጅ የሚዳሰስ አደረጉልን።

አምስተኛ፦ ጉዳያችንን «በስኬት ተዘግቷል» ብለው ሪፖርት በማቅረብዎ፣ እንደ ምርጥ ተሞክሮም ተቀምሮ ወደ ሌሎች ክፍለ ከተሞች እንዲሰፋ በማድረግዎ አመሰግናለሁ። የሰፋበት አካባቢ ፍራሽ ሠሪዎች ይመርቁዎታል። የተዘጋ ጉዳይ ደግሞ መልሶ መከፈት ስለሌለበት፣ ከፕሮጀክቱ ባጅ ውጭ ማንም ሽማግሌ የተዘጋም ሆነ አዲስ ጠብ ይዞ ሰው ደጅ ቢቀመጥ ያለ ፈቃድ እንደተደረገ ስብሰባ ይቆጠራል የሚል የእገዳ ደብዳቤ ፈርመው በትነዋል። ለጋሽ ካሳሁን ሲደርሳቸው የንግድ ፈቃድዎን ሊያሳድሱ ስለሆነ ያስቡበት የሚል ወንድማዊ ምክርም በቃል ተጨምሮላቸዋል። እሳቸው ለሱቃቸው አይፈሩም። የኦቦ ዱጉማ ጎሳ ሽማግሌዎች ግን ደንብ አስከባሪ ዱላ ይዞ የሚመጣበት ደጅ ላይ እርቅ አናወርድም ብለዋል፤ ልክ ናቸው። ኦቦ ዱጉማም ቢሆኑ በሩን እንደ ገና ለመዝጋት እንኳ የሚመጣላቸው ሰው ይፈልጋሉ። ማንም ሄዶ የማያንኳኳው በር እንዴት ተብሎ ይዘጋል?

ከውጭ የመጣ ሁሉ አይጣፍጠንም የምል እንዳይመስልዎ። ባሌ የተፈረደበት ሕግ አብዛኛው ከባሕር ማዶ ተቀድቶ የመጣ ነው ይባላል፤ አልከፋንም፣ አሰረው፣ ቅጣቱን ጨርሶ ሲወጣ ለሽማግሌ ተወልን። መደባለቅንም አንጠላም። የስልጤ ሀጂና የጉራጌ ክርስቲያን በኦሮሞ ደጅ ተቀምጠው ለወሎዬ ሲለምኑ፣ ጉማውና ደም ማድረቁ እየተጠያየቁ፣ አንዱ ለአንዱ እየተወ ነው የተዋሃዱት፤ ማንም አላሠለጠናቸውም። ወተት ነጋዴዋ ውሃ ስትጨምርበትም መደባለቅ ነው፤ እሷ ግን ይህን የምታደርገው ለሚጠጣው አስባ ሳይሆን ጣሳው እንዲሞላላት ነው። የእርስዎ ጣሳ ሞልቷል። እኛ የጠጣነው ግን ወተትም አልነበረም፣ ውሃም አልነበረም። በፊት የነበረን ጠብ በአንድ ሞት የመጣ ጠብ ነበር፤ አሁን በላዩ ንቀት ተጨምሮበታል። የፈቀደ የአጎት ልጆች ከአዳራሹ በፊት ሐዘንተኞች ነበሩ፤ ከአዳራሹ በኋላ ግን የተሳቀባቸው ሰዎች ሆነዋል። የተሳቀበት ሰው ምን እንደሚያስብ ጽሕፈት ቤትዎ ጥናት ያስጠናበት ይሆናል፤ እኔ ግን ሳላስጠና አውቀዋለሁ፣ ሌሊት የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ባሌ ሳይነግረኝ መጥቶ እንዳይሆን እያልኩ እሠጋለሁ። ሚስት ባሏ እንዳይመጣ ስትለምን ሰምተው ያውቃሉ?

ስለዚህ የምለምንዎት ብዙ አይደለም። ገንዘቡንም፣ ሰደርያውንም፣ የመጽሔቱን ሽፋን ፎቶም ይዘውት ይቆዩ። ጉዳዩም በወረቀትዎ ላይ ተዘግቶ ይኑር፤ እኛ ወረቀቱን አንነካም። እገዳውን ብቻ ያንሡልን። ጋሽ ካሳሁንና ሀጂ ሀይረዲን ሄደው እዚያ አጥር ሥር እንደ ገና ከመጀመሪያው ይቀመጡ፤ ውሻውም ይጩህባቸው፤ ዝናቡም ይምታቸው። የተበላሸውን ለማቃናት ከቀድሞው እጥፍ ጊዜ እንደሚፈጅ ነግረውኛል፣ እኔም እጠብቃለሁ ብያቸዋለሁ። የእርስዎ እርዳታ እዚህ ላይ በጣም ያስፈልገናል፤ እርዳታውም እንዳይመጡ ነው።

ወንበርዎ እንዲጸናልዎ፣ ዕቅድዎ ከመቶ በላይ እንዲሳካልዎ፣ ልፋትዎን የሚያይ ለጋሽም እንዳይጠፋብዎ እየተመኘሁ፣ ከተጨበጨበለት እርቅዎ ባሏን በጓሮ በር ያስወጣች፣ የማትረሳዎት፣

ታናሽ አገልጋይዎ
ኡምሀኒ
የተጠቃሚ ሀ ባለቤት

የኋላ ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ለማሳየት ጋሽ ካሳሁን ቤት ስሄድ አንዲት ትልቅ እናት ተቀምጠው አገኘሁ። ወይዘሮ ወለተሥላሴ ይባላሉ፤ የእርስዎ ወላጅ እናት ናቸው። ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው በአባታቸው ቤት ምክንያት እንደተጣሉ፣ ታላቁ፣ እርስዎ መሆንዎ ነው፣ ታናሹን ከግቢ እንዳስወጣው፣ ታናሹም ለፋሲካ እንኳ እናቱን ለማየት እንደማይመጣ አጫውተው፣ ጋሽ ካሳሁን በመካከላቸው እንዲገቡላቸው ለመኗቸው። አንድ አደራም ጨመሩ፤ ፕሮጀክቱ እንዳይሰማ፣ ልጄ ከሰማ አዳራሽ ይወስደናል አሉ። ጋሽ ካሳሁን መልስ ከመስጠት ይልቅ የእገዳውን ደብዳቤ አውጥተው ከነፈራሚው ስም አነበቡላቸው። እናትዎ ስሙን ሲሰሙ የነጠላቸውን ጫፍ ይጠቀልሉ ጀመር። ይህን እንድጽፍ የፈቀዱልኝ ራሳቸው ናቸው፤ ጻፊው ልጄ፣ እሱ እንደሆነ የሚያነበው የታተመ ነገር ብቻ ነው አሉኝ። እንግዲህ አንዲቷ ፊርማዎ ሁለት ቤት ልትከፍት ትችላለች። እኔ ባሌን እጠብቃለሁ፣ እሳቸውም ልጃቸውን ይጠብቃሉ። የእኔው ቢያንስ ጥፋቱን አምኗል።